ግልገልን በሚገባ ክብደት ስለ ማሳደግ

በሰሜን ወሎ በላስታ ደጋ፥ በኩልመስክና በአካባቢዋ ባሉት መንደሮች፥ በግ ለገበሬው ቤት እንደ ገንዘብ ሣጥን ነው። እህል ሲወደድ፥ ግብር ሲደርስ፥ ሰው ሲታመም፥ ለልጅ ደብተርና ልብስ መግዛት ሲያስፈልግ ወደ ገበያ የሚነዳው በግ ነው። በሬ ቢሸጥ እርሻ ይቆማል፤ ላም ብትሸጥ ወተት ይጐድላል፤ በግ ቢሸጥ ግን ከመንጋው ሌላ ይተካል። ነገር ግን የሚተካው ግልገሎቹ ሳይሞቱና ሳይቀጭጩ ያደጉ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ የግልገል አስተዳደግ የእረኛ ጨዋታ ሳይሆን የቤት ኑሮ የሚቆምበት ሥራ ነው።

የዚህ አገር በግ ከሌላው የተለየ ነው። የኢትዮጵያን በጎች በየዐይነታቸው የመረመሩ ሊቃውንት የሰሜን ወሎውን ደጋ በግ «ጥቁር በግ» ብለው ለይተው መዝግበውታል፤ ስሙም የወጣለት ከመልኩ ነው። ሰውነቱ ትንሽ፥ ላቱ አጭር ሲሆን ከላይኛው ጠጉር በታች ብርድ የሚከላከልለት ለስላሳ ሱፍ አለው። ከፍታው ከ4,200 ሜትር በላይ የሚሆን የአቡነ ዮሴፍ ተራራ በቆመበት አገር፥ ይህ ሱፍ ባይኖር የሌሊቱን ውርጭ የሚችል በግ ባልተገኘ ነበር። ይሁን እንጂ ለበጉ የሚጠቅመው ሱፍ ጠባቂውን ያታልለዋል። የከሳች ግልገል ሱፏ ሲነፋ የወፈረች ትመስላለችና። በሌላ አገር ኤሊን በቤት የሚያሳድጉ ሰዎች እንስሳው ከጠንካራው ቅርፊት በታች መክሳቱን ዐይን ስለማያየው በየጊዜው በሚዛን ይመዝኑታል። የሱፍም ነገር እንዲሁ ነው። ግልገል ማደጓና አለማደጓ የሚታወቀው በዐይን ሳይሆን በሚዛንና በእጅ ዳሰሳ ነው።

የግልገል ክብደት የሚጀምረው ሳትወለድ ነው። በግ የምታረግዘው 5 ወር ያህል፥ ማለት 150 ቀን ገደማ ነው። ከዚህም ውስጥ ሦስቱ ወራት ሲያልፉ ፅንሱ ገና ጥቂት ነው፤ ከሰውነቱ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ የሚሠራው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው። እነዚህ ሳምንታት በበጋው መጨረሻ፥ ሣሩ አልቆ ምድሩ በተራቈተ ጊዜ የዋሉ እንደ ሆነ፥ እናቲቱ ከገዛ ሥጋዋ እየቀነሰች ለልጇ ትሰጣለች። ስለዚህ መውለጃዋ የቀረበችውን በግ ከመንጋው ለይቶ ማታ ማታ ድርቆሽ፥ ወይም የባቄላና የምስር ገለባ መስጠት ይገባል። የባቄላና የምስር ገለባ ሥጋን በሚገነባው ምግብ ከገብስ ገለባ ይበልጣልና። ይህን የናቀ ሰው በኋላ ለግልገሏ ብዙ ቢደክምም፥ የተወለደችው ትንሽ፥ የእናቲቱም ግት ባዶ ይሆንበታል።

አሁን በኩልመስክ አንድ ተማሪ አለ፥ አያቱም ከምትወልደው በግ ጎን ቆመው፥ «ልጄ፥ የምትወለደው ያንተ ናት፤ ካሳደግካት ነገ እናት ትሆንልሃለች» አሉት እንበል። ግልገሏም እንስት ሆና በሌሊት ተወለደች። ተማሪው በመጀመሪያው ሰዓት የሚያደርገው ሥራ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ከሚያደርገው ሁሉ ይበልጣል።

ግልገሏ ስትወለድ ሰውነቷ ርጥብ ነው። 39 ዲግሪ ከሚሆነው ከእናቷ ሆድ ሙቀት ወጥታ በደጋው ብርድ ላይ ትወድቃለች። በሰውነቷ ይዛው የተወለደችው ስብ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚበቃ ማገዶ ነው። ስለዚህ ነፋስ በማይገባበት ጋጣ ደረቅ ገለባ ይነጠፋል፤ እናቲቱም እስክትልሳት ድረስ አይነካኳትም። መላሱ የሚጠቅመው ለማድረቅ ብቻ አይደለም፤ እናትና ልጅ በጠረን የሚተዋወቁት በዚህ ጊዜ ነው። እናቲቱ ዐልፋ ብትተዋት በደረቅ ጨርቅ አጥብቆ ማሸት ነው። እትብቷንም አዮዲን ማስነካት በዚያ በኩል የሚገባውን ብዙ በሽታ ይከለክላል።

ከዚያ በኋላ የእንገር ነገር ይመጣል። እንገር ወፈር ያለው ቢጫ የመጀመሪያ ወተት ነው። የሰው ልጅ በእናቱ ማኅፀን ሳለ በሽታ የሚከላከል ኀይል ከእናቱ ደም ይደርሰዋል፤ ግልገል ግን ይህን ሳታገኝ ትወለዳለች፤ ሁሉንም የምታገኘው ከእንገር ነው። አንጀቷም ይህን ኀይል ሳይፈጭ ወደ ደሟ የሚያሳልፈው ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በሩ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየጠበበ ይሄዳል። ጧት እሰጣታለሁ ብሎ የተኛ ጠባቂ በሩ ሊዘጋ ሲል ይደርሳል። መጠኑም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር ነው። 2 ኪሎ ከ300 ግራም የምትመዝን ግልገል 115 ሚሊ ሊትር፥ ይኸውም ሁለት የቡና ስኒ ያህል ያስፈልጋታል። በቀኑም ውስጥ የዚህን አራት እጥፍ ታገኝ ዘንድ ይገባል። የእናቲቱ ጡት ጫፍ በሰም መሰል ነገር የተደፈነ ስለሚሆን፥ አስቀድሞ አንድ ሁለት ጊዜ ማለብ ነው። ቆማ መጥባት ያቃታት እንደ ሆነ እንገሩ በንጹሕ ጽዋ ታልቦ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣታል። ነገር ግን ራሷን ቀና ማድረግ የማትችል፥ ጣት ወደ አፏ ሲገባም አፏ የቀዘቀዘ ግልገል፥ ሳትሞቅ ወተት አይፈስስባትም፤ መዋጥ ስለማትችል ወደ ሳንባዋ ይገባልና።

በደጋው አገር ትንንሽ በጎች ዘንድ ግልገል ስትወለድ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ትመዝናለች። ይህን የሚለካበት ሚዛን በየመንደሩ ላይገኝ ይችላል፤ በጤና ኬላ ያለው ሚዛን ሕፃናት የሚመዘኑበት ስለሆነ ለበግ አይገባም። ተማሪዎች ግን መምህራቸው እየመራቸው ሚዛን ለመሥራት ይችላሉ፤ አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናልና። አሠራሩም እንዲህ ነው። ቀጥ ያለ ጠንካራ በትር ወገቡ ላይ በገመድ ታስሮ ከወራጅ ላይ ይሰቀላል። በሁለቱ ጫፎች፥ ከመካከሉ እኩል በሚርቅ ስፍራ፥ እኩያ የሆኑ ሁለት ጆንያዎችና እኩያ የሆኑ ሁለት ባዶ ጀሪካኖች ይንጠለጠላሉ። በትሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ ገመዱን እያንሸራተቱ ያስተካክሉታል። አንደኛው ጆንያ ለእግሮቿ አራት ቀዳዳ ተበጅቶለት ግልገሏ በእርሱ ትገባለች። በሌላው ወገን ወዳለው ጀሪካን በትሩ እስኪተካከል ድረስ ውሃ በሊትር እየተለካ ይፈስሳል። ሦስት ሊትር ቢፈስስ ግልገሏ 3 ኪሎ ናት። ለትርፉ ደግሞ ትንሽ ጣሳ ይፈለጋል፤ ሊትሩን ለመሙላት 10 ጣሳ የሚበቃ ከሆነ፥ አንዱ ጣሳ 100 ግራም ነው። ይህ ሥራ ከሒሳብ መጽሐፍ ብዙ ገጽ ይልቅ ስለ ክብደት ያስተምራል።

የሚመዘንበት ጊዜ አንድ መሆን አለበት። በየሳምንቱ፥ በአንድ ቀን፥ ጧት ሳትጠባ ትመዘናለች። ሆዷ ወተት የሞላ ግልገል ከተራበችው ጋር አትወዳደርም። ክብደቱም በደብተር ይጻፋል።

የተማሪው ደብተር እንዲህ ይላል እንበል። ግልገሏ ስትወለድ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ነበረች፤ በሳምንቷ 3 ኪሎ ሆነች፤ በሁለተኛው ሳምንት 3 ኪሎ ከ600፤ በሦስተኛው ሳምንት 3 ኪሎ ከ700። ደብተሩን በችኰላ ያየ ሰው፥ «በየሳምንቱ ጨምራለች፥ ደግ ነው» ይላል። ሒሳቡን ያሰበ ግን ሌላ ነገር ያያል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 100 ግራም፥ በሁለተኛው ሳምንት በቀን 86 ግራም ያህል ጨመረች፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን በቀን 14 ግራም ብቻ ነው። በዚህ አገር ትናንሽ በጎች ዘንድ እስከ ጡት መጣያ ድረስ በቀን ከ60 እስከ 100 ግራም መጨመር ደኅና እድገት ነው። ስለዚህ ይህች ግልገል ቆማለች። በመስክ ስትሮጥና ስትዘል ለሚያይ ሰው ምንም የጐደላት አይመስልም፤ ሱፏም በእነዚሁ ቀኖች አድጓል።

ተማሪው ወደ አያቱ ቢሄድ፥ ሽማግሌው ደብተሩን ከማየት በፊት እጃቸውን ወደ ግልገሏ ወገብ ይሰዳሉ። «ልጄ፥ ጠጉሯን አትመነው፥ አጥንቷን ዳብሰው» ይሉታል። አረጋውያን በልማድ የሚያውቁትን ይህን ዳሰሳ፥ በአውስትራሊያ የእርሻ ሊቃውንት በ1961 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በቍጥር አስቀምጠውታል፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገር ተላልፏል። ከመጨረሻዋ የጎን አጥንት በስተኋላ፥ በወገቧ ላይ፥ አውራ ጣት በአንድ ወገን፥ ሌሎቹ ጣቶች በሌላው ወገን ሆነው በቀስታ ይጫናሉ። የጀርባዋ አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ አንድ በአንድ የሚቈጠር፥ በጎን ከወጡት አጥንቶችም በታች ጣት በቀላሉ የሚገባ ከሆነ፥ ይህ 1 ይባላል፤ እጅግ የከሳ ነው። አጥንቱ ተጭነው ብቻ የሚዳሰስ፥ ዙሪያውም በሥጋ የተሞላ ከሆነ 3 ነው፤ ደኅና ነው። አጥንት ጨርሶ የማይገኝ፥ በስብ መካከል ጐድጓዳ መስመር የሠራ ከሆነ 5 ነው። ቍጥሩ የወጣው ለትልቅ በግ ቢሆንም ዳሰሳው ለግልገልም ይረዳል። የላቷም ሁኔታ ይታያል፤ ላት የበግ ጎተራ ነውና፥ በችግር ጊዜ ይጐድላል።

ግልገል በሦስተኛው ሳምንት የምትኖረው ገና በወተት ነው። ስለዚህ ክብደቷ ሲቆም መመርመር ያለባት አስቀድማ እናቲቱ ናት። ግቷ ሲዳሰስ አንዱ ወገን የሞቀና የጠጠረ፥ ግልገሏም በዚያ በኩል ስትጠጋ እናቲቱ የምትራገጥ ከሆነ፥ ግቷ ታሟል። ከዚያ ወገን የሚታለበውም ወተት የተቋጠረ ወይም ደም የቀላቀለ ይሆናል። ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ በቶሎ ካልታከመች ያ ወገን ለዘወትር ሊደርቅ ይችላል። ግቱ ጤነኛ ሆኖ ባዶ ብቻ ከሆነ ግን በሽታው ረኃብ ነው፤ መድኃኒቱም ለእናቲቱ ድርቆሽና ውሃ መጨመር ነው። የምታጠባ በግ ከማታጠባ ይልቅ ብዙ ውሃ ትሻለች፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

እስከዚያው ድረስ ግልገሏ የላም ወተት ይሰጣታል። የበግ ወተት በቅባት ከላም ወተት ይበልጣል፤ ስለዚህ የላሙን ወተት በውሃ ማቅጠን ስሕተት ነው። እናቷ የሞተችባት ግልገል በቀን ከክብደቷ ከመቶ 15 እጅ ያህል ወተት ያስፈልጋታል፤ 3 ኪሎ ከ700 ግራም ለምትመዝነው ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። የተማሪው ግልገል ግን ከእናቷ ጤነኛ ጡት ትጠባለችና ግማሹ ይበቃታል። ይህም አንድ ጊዜ ሳይሆን በአራት ወይም በአምስት ጊዜ ተከፋፍሎ፥ እንደ እናቷ ሰውነት ለብ ብሎ፥ በፈላ ውሃ በታጠበ ጡጦ ይሰጣል። ቆማ፥ አንገቷን በመጠኑ ዘርግታ ትጠባለች እንጂ፥ በጀርባዋ አስተኝተው በጉሮሮዋ አያፈስሱባትም። ለዚህም ምክንያት አለው። በግ አራት ክፍል ያለው ሆድ አላት፤ በምትጠባበት ጊዜ ከጉሮሮዋ በታች አንድ ቦይ ይታጠፍና ወተቱን በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ይወስደዋል፤ ወተት የሚፈጨው በዚያ ነው። በችኰላ የተጋተ ወተት ግን ወደ ትልቁ ጨጓራ ይወርድና በዚያ ይቦካል፤ ሆዷም ይነፋል።

በአራተኛው ሳምንት ደብተሩ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ቢል፥ በቀን 71 ግራም ያህል ጨምራለችና ግልገሏ ወደ መንገዷ ተመልሳለች ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አደጋ ከፍቅር ነው። ልጅ የራሱ የሆነች ግልገል ያለችው እንደ ሆነ ከእጁ ትበላ ዘንድ ይወድዳል፤ እንጀራውን ያካፍላታል፤ ገብስም ከጎተራ ያመጣላታል። እርሷም እንቢ አትልም። ነገር ግን የግልገል ትልቁ ጨጓራ ሣር ማላመጥን የሚለምደው በዝግታ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሣር ጫፍ ትቀማምሳለች፤ በዚያም ጨጓራዋ ውስጥ ሣሩን የሚያፈራርሱ በዐይን የማይታዩ ሕያዋን ይበዛሉ። ብዙ እህል በድንገት ሲገባ ግን ኮምጣጣ ነገር የሚያወጡት ዐይነቶች በአንድ ሌሊት ይበዙና ሌሎቹን ይገድላሉ፤ ጨጓራው እንደ ቦካ ሊጥ ይኮመጥጣል፤ ግልገሏም ትተኛለች፥ ትቀመጣለች፥ ብዙ ጊዜም ትሞታለች። በተከፈተ ጆንያ ላይ የተገኘ ትልቅ በግ እንኳ በዚሁ ይሞታል። እህል ሊሰጣት ከተፈለገ አስቀድሞ ድርቆሽ በልታ፥ በሁለት ጣት ከሚነሣ ቍንጥር ተጀምሮ፥ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል።

መወፈርና ማደግ አንድ አይደሉም። ለገበያ የሚቀለብ ሙክት ይወፍር ዘንድ ይገባል፤ ሥራው ያ ነውና። እናት ትሆን ዘንድ የምታድግ እንስት ግን ያለ መጠን ብትወፍር በግቷ ውስጥ ወተት በሚሠራው ሥጋ ፈንታ ስብ ይሞላል፤ በኋላም ልጇን የምታጠባው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ በወገቧ አጥንት የጠፋባት ጠቦት፥ ጐረቤት ቢያደንቃትም፥ መብሏ ይቀነስ።

ጡት መጣል በ3 ወር ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ደኅና ያደገች ግልገል ከ9 እስከ 10 ኪሎ ትመዝናለች። ቀኑ ስለ ደረሰ ብቻ ሳይሆን ሣር በሚገባ መብላት ስለ ቻለች ትለያያለች። ከተለየች በኋላ ለጥቂት ቀን ክብደቷ ቢቆም አያስፈራም፤ ሁለት ሳምንት ቢቆም ግን ምክንያቱ ይፈለጋል። ከምክንያቶቹ አንደኛው የሆድ ትል ነው። የታችኛው የዐይኗ ሽፋን ሲገለጥ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ከሆነ፥ ከመንጋጋዋም በታች ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ፥ ትል ደሟን እየጠጣ ነው፤ የመድኃኒቱን መጠን ሐኪሙ የሚያዝዘው በክብደቷ ልክ ነውና ደብተሩ በዚህም ይጠቅማል። ረግረግ ስፍራ ማሰማራት የጉበት ትል ያመጣል፤ ትሉ የሚያድገው በረግረግ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። የታረደ በግ ጭንቅላትም ለውሻ አይጣልም፤ በጉን በአንድ ወገን እያዞረ የሚገድለው የአንጐል በሽታ በውሻ በኩል ወደ መንጋው ይመለሳልና።

በላስታ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የዝናም ማነስ ነው። የበልጉ ዝናም የቀረ እንደ ሆነ፥ የክረምቱ ሣር እስኪበቅል ድረስ ያለው ጊዜ ይረዝማል። በ1977 ዓ.ም. ወሎን በመታው ድርቅ ሰው ከነከብቱ አለቀ። እንዲህ ባለው ጊዜ ሁሉም ሰው የከሳ ከብቱን በአንድ ቀን ወደ ገበያ ይነዳል፤ የከብት ዋጋ ይወድቃል፥ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ አንድ በግ የሚገዛው እህልም ያንሳል። በደብተር የተጻፈ ክብደት ግን ዐይን ሳያይ አስቀድሞ ይናገራል። በአንድ ቤት ያሉ ግልገሎች ሁሉ በአንድ ሳምንት መጨመር ካቆሙ፥ የታመመችው አንዲቱ ግልገል ሳትሆን የጐደለው መስኩ ነው። ያን ጊዜ ወንዶቹን ሳይከሱ መሸጥና ያለውን ድርቆሽ ለእናቶቹና ለእንስቶቹ ማቈየት፥ ሁሉንም ይዞ ሁሉንም ከማክሳት ይሻላል። የተማሪው አባት ግልገሏን ወይስ ወንዱን ጠቦት ወደ ገበያ እንነዳ ብለው ሲያስቡ፥ የልጁ ደብተር በምክሩ መካከል ሊቀርብ የሚገባው ነው።

መልመጃ። አንዲት ግልገል ስትወለድ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ትመዝን ነበር። በ30ኛው ቀን 4 ኪሎ ከ900 ግራም፥ በ60ኛው ቀን 5 ኪሎ ከ800 ግራም ሆነች። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀኖች በቀን ስንት ግራም ጨመረች? በሁለተኞቹ 30 ቀኖችስ? በመንጋው ያሉት ሌሎች ግልገሎች በእነዚሁ ቀኖች በሚገባ ካደጉ፥ አስቀድሞ የሚመረመረው መስኩ ነው፥ እናቲቱ ናት ወይስ ግልገሏ?